ደመወዝ መክፈያውን ቶሎ ለማድረስ
ስለ ኤክሴል አቋራጭ ቁልፎች

ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው በየመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ክፍል የሚታየው ጥድፊያ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሠራተኛው ደመወዙን በጉጉት ይጠብቃል፤ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕቁቡ መዋጮ ሁሉ በዚያች ቀን ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ሒሳብ ሹሙም በበኩሉ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የሠራተኞቹን ስም፣ ያልተጣራ ደመወዝ፣ ግብር፣ የጡረታ መዋጮና የተጣራ ክፍያ የያዘውን ሰንጠረዥ ለማድረስ ይታገላል። ይሁንና ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው የሚያዘገየው ስሌቱ አይደለም። መደመሩንና መቀነሱን ኮምፒዩተሩ በቅጽበት ይጨርሰዋል። የሚያዘገየው ሰንጠረዡን መልክ ማስያዙ ነው፤ ይኸውም ርእሱን ማድመቅ፣ ለገንዘቡ የሺህ መለያ መስጠት፣ ዓምዱን ማስፋት፣ መሥመር ማስመርና ይህን የመሳሰለው ሁሉ።

ለዚህ መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ በየኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ማውስ ሳይነኩ በሁለትና በሦስት ቁልፎች ብቻ ሥራን የሚያስፈጽሙ አቋራጮች አሉ። ዛሬ ስለ እነዚሁ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። የምንናገረውም በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት ስለሚሠራበት ስለ ኤክሴል ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩም በዊንዶውስ የሚሠራ እንደሆነ አድርገን ነው።

ባለፈው ሰሞን ጉዳይ ይዘን በሄድንበት አንድ መሥሪያ ቤት የሁለት ሠራተኞችን አሠራር ጎን ለጎን ለማየት ዕድል አጋጥሞን ነበር። አንደኛው ወጣት ማውሱን ጨብጦ የደመወዙን ዓምድ ከላይ እስከ ታች እየጎተተ ለመምረጥ ይሞክራል። ዝርዝሩ ረጅም ነውና ገጹ እየሮጠ ያልፈዋል፤ ተመልሶ ይጎትታል፤ አሁንም ያልፈዋል። በመጨረሻ ተስፋ ቈርጦ ረድፎቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ያዘ። አጠገቡ የተቀመጡት ወይዘሮ ግን ማውሳቸውን ወደ ዳር ገፋ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ አሳርፈው፣ ሦስት አራት ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉና ያንኑ ሥራ ፈጸሙ። ጠጋ ብለን ብንጠይቃቸው በወጣትነታቸው የጽሕፈት መኪና የተማሩ መሆናቸውንና እጅን ከቁልፍ ሳያነሡ መሥራት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተጠናወታቸው ልማድ እንደ ሆነ አጫወቱን።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ሠራተኞቹ 300 ናቸው እንበል። ለእያንዳንዱ ረድፍ ማውሱን ወደ ላይኛው ማውጫ አድርሶ ለመመለስ 3 ሰኮንድ ብቻ ቢፈጅ እንኳ አንዱ ዓምድ 900 ሰኮንድ፣ ማለት 15 ደቂቃ ይወስዳል። አራት የገንዘብ ዓምድ ካለ አንድ ሰዓት ሞላ። በአቋራጭ ቁልፍ ግን አራቱም ዓምዶች አንድ ደቂቃ አይሞሉም። ለዚያውም የተረፈው ሰዓት ስሕተት ለመፈለግ የሚውል ሰዓት ነው፤ የደመወዝ ስሕተት ደግሞ ኋላ የሚያስከትለውን ጭቅጭቅ የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የዚህ አሠራር ሥር ከኮምፒዩተሩ የቆየ ነው። «ሺፍት» የሚባለው ቁልፍ ስሙን ያገኘው ከጽሕፈት መኪና ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የሬሚንግተን መኪና ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል የሚጽፈው አካሉን በእርግጥ ከቦታው በማንቀሳቀስ ስለ ነበር «ማንቀሳቀስ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው። በኮምፒዩተር የሚሠራው ሰንጠረዥ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ዳን ብሪክሊን የተባለው የሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተማሪ አሳቡን አፈለቀ፤ ከባልደረባው ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖም በ1979 እ.ኤ.አ. ቪዚካልክ የተባለውን ፕሮግራም ለገበያ አቀረቡት። በ1983 ሎተስ 1-2-3 ተከተለ። በዚህ ፕሮግራም ሠራተኛው ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ የዝባዝ ሰረዝ ቁልፍ ተጭኖ ፊደል በፊደል እየመረጠ ነበር። ኤክሴል በ1985 ለማኪንቶሽ፣ በ1987 ደግሞ ለዊንዶውስ ሲወጣ የሎተስን ደንበኞች ላለማስቀየም ሲል ያችን የዝባዝ ሰረዝ ተቀብሎ አኖራት። ዛሬም ቢሆን ባዶ ሴል ላይ ቆሞ የሚጫናት ሰው የላይኛው ማውጫ በፊደላት ተሞልቶ ሲከፈትለት ያያል። አንድ ጊዜ እጅ የለመደውን ነገር መለወጥ ምን ያህል አስቸጋሪ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ነገር መምረጥ ነው። ያልተመረጠ ነገር መልክ አይይዝም። ኮንትሮልን ይዘው ስፔስ ባርን ቢጫኑ ዓምዱ በሙሉ ይመረጣል፤ ሺፍትን ይዘው ስፔስ ባርን ቢጫኑ ደግሞ ረድፉ በሙሉ። ከቆሙበት ሴል እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ብቻ ለመምረጥ ግን ኮንትሮልንና ሺፍትን አንድ ላይ ይዞ ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት መጫን ነው። ሦስት መቶም ይሁን ሦስት ሺህ ረድፍ በአንድ ምት ይመረጣል። ማስጠንቀቂያ አለው፤ በመካከል ባዶ ሴል ካለ ምርጫው እዚያ ላይ ይቆማል። ለምሳሌ በ120ኛው ረድፍ ላይ ያለው ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለሌለው ቦታው ባዶ ከተተወ ከእርሱ በታች ያሉት ሁሉ ሳይስተካከሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ባዶውን ቦታ በዜሮ መሙላት፣ አለዚያም ቀስቱን ደጋግሞ እየተጫኑ መጨረሻው ድረስ መድረሱን በዐይን ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛው ለቁጥሩ ዐይነቱን መንገር ነው። ኮንትሮልንና ሺፍትን ይዘው 1 ቁጥርን ሲጫኑ ገንዘቡ የሺህ መለያና ሁለት የሳንቲም ቤት ያገኛል፤ 12500 የነበረው 12,500.00 ይሆናል። በዚያው አያያዝ 5 ቁጥር መቶኛ ያደርጋል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 0.07 ተብሎ ተጽፎ ከሆነ 7%፣ የአሠሪው 0.11 ደግሞ 11% ሆኖ ይነበባል። ነገር ግን ይህ አቋራጭ ከነጥብ በኋላ ያለውን ቤት አያሳይምና 0.075 የተጻፈበት ቦታ 8% መስሎ ይታያል። በውስጡ ያለው ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው። አለቃው ግን የሚያየው መልኩን ነው።

4 ቁጥርን በተመለከተ አንባቢዎቻችን እንዲጠነቀቁ እንመክራለን። ይህ የገንዘብ ምልክት የሚያስቀምጥ አቋራጭ ሲሆን ምልክቱን የሚወስደው ኮምፒዩተሩ ከተሞላለት የአገር ምርጫ ነው። አብዛኛው ኮምፒዩተር በአሜሪካ አቆጣጠር ተሞልቶ ስለሚመጣ የብሩ ደመወዝ ሁሉ በድንገት የዶላር ምልክት ለብሶ ቁጭ ይላል። ተቀባዩ ደስ ሊለው ይችል ይሆናል፤ ኦዲተሩ ግን አይስቅም። እኛ የተሻለ ሆኖ ያገኘነው በ1 ቁጥር ብቻ ሠርቶ «በብር» የሚለውን ቃል በዓምዱ ርእስ ላይ መጻፍ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጣጣ የሚመጣው ቁጥር መስለው ቁጥር ካልሆኑት ነገሮች ነው። የስልክ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚደመሩና የሚቀነሱ አይደሉም፤ በቁጥር የተጻፉ ስሞች ናቸው ቢባል ይቀላል። ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም። በ09 የሚጀምረውን የሞባይል ስልክ ሲጽፉለት ፊተኛዋን ዜሮ ዋጋ እንደሌላት ቈጥሮ ይጥላታል። 13 አኃዝ ያለውን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሲጽፉለት ደግሞ ጠቅልሎ 1.00012ኢ+12 የሚመስል ነገር ያሳያል። ይህን ያየ ሒሳብ ሹም ደንግጦ ከላይ ያመለከትነውን 1 ቁጥር ቢጫንበት ሒሳቡ ነጠላ ሰረዝና ሳንቲም ጨምሮ ብቅ ይላል፤ እንዲያ ሆኖ ወደ ባንክ የሄደ ዝርዝር ደግሞ ተመላሽ ነው። አሁንም ከዚህ የባሰ አለ። ኤክሴል በአንድ ቁጥር ውስጥ ከ15 አኃዝ በላይ አይዝም። 16 አኃዝ ያለው የባንክ ካርድ ቁጥር ሲጻፍለት የመጨረሻዋን አኃዝ ወደ ዜሮ ይለውጣታል። ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ምንም ዐይነት አቋራጭ ቢጫኑ የጠፋችው አኃዝ አትመለስም።

መከላከያው አንድ ነው፤ እርሱም ከመጻፍ በፊት መደረግ አለበት። የሒሳብ ቁጥሩ የሚገባበትን ዓምድ በኮንትሮልና በስፔስ ባር መርጦ ኮንትሮልን ይዞ 1 ቁጥርን መጫን ነው፤ እዚህ ላይ ሺፍት የለበትም። የሚከፈተው መስኮት የሁሉም ዐይነት ቅርጽ መደብ ሲሆን በእርሱ ውስጥ «ቴክስት» የሚለውን መርጦ ኢንተር ማለት ይበቃል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ፊደል እንደሆነ ተቈጥሮ እንደ ተጻፈ ይኖራል። በሴሉ ጥግ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ምልክት ብትታይ ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ መያዙን ለማስታወስ ነውና አያሳስብም።

አንድ ነገር ከዚህ ጋር አያይዘን እንጨምር። ኤክሴል በራሱ ፈቃድ ጽሑፍን ወደ ግራ፣ ቁጥርን ወደ ቀኝ ያስጠጋል። ይህ ትልቅ ምስክር ነው። በደመወዙ ዓምድ ውስጥ አንዱ ብቻ ወደ ግራ ተጠግቶ ከታየ እርሱ ቁጥር መስሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ነውና በድምሩ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ለውበት ሲባል ቁጥሩን ሁሉ መሐል ላይ የሚያሰልፉ ሰዎች ይህን ምስክር በገዛ እጃቸው ያጠፉታል።

የቀን ነገርም እንዲሁ ነው፤ በተለይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን። ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ከጥር ወር 1900 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ በመቍጠር ነው። ኮንትሮልን ይዘው ነጠላ ሰረዝና ነጥብ ያለበትን የላቲን ቁልፍ ቢጫኑ የዕለቱ ቀን በቅጽበት ይጻፋል፤ የሚጻፈው ግን የአውሮፓውያኑ ነው። የእኛን ቀን በእጅ ስንጽፍለት ደግሞ የባሰ ግራ ይጋባል። ጥቅምት 30 ቀንን 30/2 ብለን ብንጽፍ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም.ን 5/13/2016 ብለን ብንጽፍ ኮምፒዩተሩ በአሜሪካ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ ሜይ 13 ቀን ያደርገዋል። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ያለውንም ቀን እንዲቈጥርልን ብናዘው 30 ማለት ሲገባው የፌብሩዋሪን ርዝመት ይዞ 28 ወይም 29 ይላል። የቀን አበል በዚህ የሚሰላ ከሆነ ጉዳቱ ግልጽ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን ቀን የሚጽፍ ሰው ዓምዱን አስቀድሞ «ቴክስት» ያድርገው፤ አለዚያም ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሦስት ዓምድ ለየብቻ ይጻፍ። ሁለተኛው መንገድ በወር ለመለየትና ቅደም ተከተል ለማስያዝ ስለሚመች እኛ እርሱን እንመርጣለን።

ቁጥሩ ዐይነቱን ካወቀ በኋላ ጌጡ ቀላል ነው። ኮንትሮልና ቢ ጽሑፉን ያደምቁታል፤ ኮንትሮልና ዩ ከሥሩ ያሰምሩበታል። ኮንትሮልና አይ ያዘነብሉታል፤ ይህ ግን ለላቲን ፊደል የተፈጠረ ጌጥ በመሆኑ የግእዙ ፊደል ሲዘም ለዐይን አያምርም፤ ቢቀር ይሻላል ባዮች ነን። ኮንትሮልንና ሺፍትን ይዞ 7 ቁጥርን መጫን በተመረጠው ቦታ ዙሪያ መሥመር ያሰምራል። ተሳስተው ያደረጉትን ኮንትሮልና ዜድ መልሰው ያጠፉታል።

በሴሉ ውስጥ ቁጥር ሳይሆን #### የሚል ምልክት ተደርድሮ ሲታይ ብዙ ሰው ሒሳቡ የተበላሸ ይመስለዋል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ዓምዱ ጠቦ ነው። ለዚህ የሚጫኑት ቁልፎች በአንድ ጊዜ የሚያዙ ሳይሆኑ ተራ በተራ የሚነኩ ናቸው፤ ኦልትን ነክቶ መልቀቅ፣ ከዚያ ኤች፣ ቀጥሎ ኦ፣ በመጨረሻ አይ። ዓምዱ በውስጡ ካለው ከረጅሙ ነገር ጋር ተስተካክሎ ይሰፋል። ኦልትን እንደነኩ በማውጫው ላይ ትንንሽ ፊደሎች ስለሚበቅሉ በቃል መያዝም ግዴታ አይደለም፤ እያነበቡ መከተል ይቻላል።

ከአቋራጮቹ ሁሉ ውለታዋ እጅግ የሚበዛው ግን ኤፍ 4 ናት። ይህች ቁልፍ መጨረሻ ያደረግነውን ነገር ትደግመዋለች። አንዱን ረድፍ ቢጫ ቀለም ከቀባን በኋላ ወደ ሌላው ረድፍ ሄዶ ኤፍ 4ን መጫን ነው፤ እርሱም ቢጫ ይሆናል። አቋራጭ የሌለው ሥራ ሁሉ በእርስዋ ምክንያት አቋራጭ አገኘ ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን በማውስ ቢሠሩት እንኳ የቀረውን በእርስዋ ይጨርሱታል። በአንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ይህች ቁልፍ ለድምፅ ወይም ለብርሃን ስለምታገለግል «ኤፍ ኤን» የሚለውን ቁልፍ አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። ኮንትሮልና ዋይም ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ርእሱን መሐል ለማድረግ ሲሉ ብዙ ሴሎችን አጋጥሞ አንድ የማድረግ ልማድ በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፍቷል። እኛ አንወደውም። የተጋጠመ ሴል ባለበት ሰንጠረዥ ላይ ዓምድ እንምረጥ ሲሉ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል፤ በፊደል ተራም ለመደርደር እንቢ ይላል። በኮንትሮልና 1 በሚከፈተው መስኮት ውስጥ፣ በአሰላለፍ ክፍሉ፣ ሴሎቹን ሳያጋጥም ጽሑፉን በተመረጠው ቦታ መሐል የሚያውል ምርጫ አለ። ለዐይን አንድ ዐይነት ነው፤ ለሥራ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ከኮንትሮልና 9ም ይጠንቀቁ። ሺፍትን ሳይጫኑ ቀርተው ወይም ጣት ስቶ 9ኝን ከነኩ የቆሙበት ረድፍ ይሰወራል። ረድፉ አልጠፋም፤ በድምሩም ውስጥ አለ፤ በወረቀቱ ላይ ግን አይወጣም። ስሙን ያጣው ሠራተኛ ፈራሚ ሆኖ ሲመጣ ያኔ ነገሩ ይገለጣል። ከግራ በኩል የረድፎቹን ቁጥር ማየት ነው፤ 57 ቀጥሎ 59 ከመጣ 58 ተሰውሯል። ከላይና ከታች ያሉትን ሁለቱን ረድፎች መርጦ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና 9ኝን መጫን ይመልሰዋል።

መልክ ማስያዝ ሊያስተካክለው የማይችለው አንድ ነገር አለና እንንገር። ሦስት ክፍያዎች እያንዳንዳቸው 10.004 ብር ቢሆኑ በሁለት የሳንቲም ቤት 10.00 ሆነው ይታያሉ። ድምራቸው 30.012 ስለሆነ 30.01 ይነበባል። በእጁ የሚደምር ሰው 30.00 አግኝቶ «አንዲት ሳንቲም የት ሄደች?» ይላል። ሌባ የለም፤ ማሽኑ የሚደምረው የሚያሳየውን ሳይሆን በውስጡ የያዘውን ነው። ግብሩና ጡረታው ሲሰላ «ራውንድ» በሚለው ቀመር እስከ ሁለት ቤት ተጠጋግቶ ከተቀመጠ የሚታየውና የሚደመረው አንድ ይሆናሉ።

ለጀማሪ የምንሰጠው ምክር ሁሉንም በአንድ ቀን ለመያዝ እንዳይሞክር ነው። በሳምንት ሦስት ቢይዝ ይበቃዋል፤ ከሁሉ በፊት መምረጫውን ከነቀስቱ፣ ከዚያ ኮንትሮልና 1ን፣ ከዚያም ኤፍ 4ን። አማርኛ ለመጻፍ ኪቦርዱ ወደ ግእዝ ፊደል ተቀይሮ ሳለ ፊደል የሚጠይቁት አቋራጮች አንዳንድ ጊዜ አይታዘዙም። ያን ጊዜ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ስፔስ ባርን በመንካት ወደ ላቲኑ መመለስ ነው። በዚህ ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች የት እንደሚደርሱ ለማወቅ የሚሻ ደግሞ የዓለም የኤክሴል ውድድር የሚባል መኖሩን ይስማ። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማ በተመልካች ፊት በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ አንድሩ ንጋይ የተባለ አውስትራሊያዊ ለሦስተኛ ጊዜ አሸናፊ ሆኗል።

የእኛ ሒሳብ ሹም ዋንጫ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ፊርማ ነው። ሰንጠረዡ ካለቀ በኋላ ኮንትሮልና ፒን ተጭኖ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ ይመልከት። ዓምዶቹ በአንድ ገጽ ስፋት ካልበቁ እዚያው ላይ በአንድ ገጽ እንዲጠቃለሉ ማዘዝ ይቻላል። የርእሱ ረድፍ በየገጹ አናት እንዲደገም ደግሞ በገጽ አቀማመጥ ማውጫው ውስጥ ይታዘዛል፤ አለዚያ ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ የትኛው ዓምድ ግብር፣ የትኛው የተጣራ ክፍያ እንደሆነ ፈራሚው አያውቅም። «ያዘጋጀው»፣ «ያረጋገጠው» እና «ያጸደቀው» የሚሉት ሦስቱ የፊርማ ቦታዎችም ከመጨረሻው ስም ጋር በአንድ ገጽ ላይ መዋላቸውን አይቶ ከዚያ ያትም።